ነፋሱና ፀሐዩ የሁሉ ነው፤ ማሳውስ? ስለ ገበሬው የይዞታ መብትና ስለ አዲሱ የኃይል ምንጭ የቀረበ ትምህርት

በሐይቅና በአምባሰል አውድማ ገበሬ ነፋስን የሚያውቀው በመንሹ ነው። በሬዎቹ አበራይተው ከጨረሱ በኋላ እህሉን ከገለባው የሚለይለት ነፋስ እስኪነሣ ድረስ መንሹን ይዞ ይቆያል፤ ነፋሱ ከቀረ ሥራው ያድራል። ፀሐይንም የሚያውቃት በስጡና በማሽላው መድረቅ ነው። ለነፋስ ኪራይ፣ ለፀሐይ ግብር የተጠየቀ ሰው ግን በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ሜጋዋት በሚባል መስፈሪያ እየተሰፈሩ የሚሸጡና የሚገዙ ሆነዋል። ነፋሱ የሁሉ፣ ፀሐዩም የሁሉ ነው፤ ማማው የሚተከልበት፣ ሰሌዳው የሚዘረጋበት መሬት ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ወይም የአንድ ቀበሌ ግጦሽ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በአምባሰል ተራራ ላይ ዛሬ ትልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አልቆመም። ይህን ትምህርት አሁን ማቅረባችንም ስለዚሁ ነው፤ ነገሩ ከመጣ በኋላ የሚነበብ ሕግ ለክርክር እንጂ ለምክር አይሆንምና። ጉዳዩም የአንድ ሃይማኖት ወገን ጉዳይ አይደለም። በሐይቅ ዙሪያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ድንበር ተዋስኖ፣ በሬ ተጣምሮ የሚያርስ ስለሆነ የአንዱ ማሳ ሲነካ የሌላውም ኑሮ ይነካል።

የናቡቴ የወይን ቦታ

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የሚነገረን የንጉሥ አክዓብ ስስትና የኤልዛቤል ጭካኔ ነው። እኛ ግን ለዛሬው ርእሳችን ሁለት ነገሮችን እንድታስተውሉ እንወዳለን። አንደኛው፣ አክዓብ በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ እሰጥሃለሁ ነው ያለው። ዛሬ ምትክ መሬት ወይም ካሳ የምንለው ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ አልሰጥም አለ፤ ንጉሡም እንቢታን መስማት አልቻለም። ሁለተኛውና ብዙ የማይነገርለት፣ ናቡቴን ያስገደሉት በቀጥታ የንጉሡ ወታደሮች አለመሆናቸው ነው። ደብዳቤው በንጉሡ ማኅተም ታትሞ የተላከው ናቡቴ ለሚኖርባት ከተማ ሽማግሌዎችና ታላላቆች ነበረ፤ ሸንጎውን የሰበሰቡ፣ የሐሰት ምስክር ያቆሙ የገዛ ጎረቤቶቹ ናቸው። የመሬት በደል ትእዛዙ ከሩቅ ቢመጣም የሚፈጸመው በአጥቢያ እጅ ነው። ስለዚህም የወረዳና የቀበሌ አሠራር ትንሽ ነገር መስሎ ሊታየን አይገባም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1883 ዓ.ም. ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ዓዋዲ መልእክት፣ መሬትን በላቡ ያለማ ሰው በዚያ መሬት ላይ የራሱን አሻራ ስለሚያትም ፍሬው የእርሱ መሆኑን አስተምረዋል። ዮሐንስ 23ኛም በ1953 ዓ.ም. «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተባለው መልእክታቸው ስለ ገበሬዎች በሰፊው ጽፈው፣ ለገበሬው ኑሮ መሻሻል ዋነኛው ሠራተኛ ራሱ ገበሬው ሊሆን እንደሚገባ አመልክተዋል። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር አጣምራ የምድር በረከት ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ታስተምራለች። እንግዲህ ገበሬው ይዞታዬን ብሎ አገሪቱን በጨለማ የማስቀረት መብት የለውም፤ አገሪቱም ብርሃን ያስፈልገኛል ብላ ገበሬውን ባዶ እጁን የማስቀረት መብት የላትም። ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ ኃይል መሸጋገር አስፈላጊ መሆኑን ሲገልጹ፣ በአንዳንድ አገሮች የአካባቢው ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ኃይል የሚያመነጩበትን አሠራር በምሳሌነት መጥቀሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጋችን ምን ይላል?

በአውሮፓና በአሜሪካ ያለ ገበሬ መሬቱ የግሉ ስለሆነ ከነፋስ ኩባንያ ጋር ራሱ ይዋዋላል። ማማ በተተከለ ቁጥር በየዓመቱ ኪራይ ይቀበላል፤ በማማዎቹ መካከልም ያርሳል። በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ቀንበር ያወጣ አዋጅ ነበርና፣ የ1965 እና የ1966ቱን ረኃብ ገና ያልረሳው ወሎ የተቀበለበትን ስሜት ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጎ፣ ገበሬው መሬትን በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው አስፍሯል። በዚሁ አንቀጽ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ማሻሻል ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው። የተሠራው እርከን፣ የተቆፈረው ጉድጓድ፣ የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ዛሬም በገንዘቡ የገዛው የሶላር ፓምፕ ከዚህ ይመደባል።

እንግዲህ ገበሬው የመሬቱ ባለይዞታ ነው፤ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ ያከራያል፤ አይሸጥም። መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው አስቀድሞ ተመጣጣኝ ካሳ ከፍሎ ሊያስለቅቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ደግሞ የሕዝብ ጥቅም መሆኑን የሚክድ የለም። ስለዚህ በእኛ አገር የነፋስ ኩባንያ ከገበሬው ጋር ኪራይ የሚደራደርበት ልማድ አልተተከለም፤ ቦታውን የሚረከበው ከመንግሥት እጅ ነው፤ ገበሬውም የሚያገኘው ካሳ ነው።

የካሳውን ስሌት ቀስ ብለን እንመልከተው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሳ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ከመሬቱ ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ለወጠው፤ ከመልቀቁ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። እንበልና የአንድ ገበሬ አንድ ጥማድ መሬት በሦስቱ ዓመታት የ17,000፣ የ20,000 እና የ18,000 ብር ገቢ ሰጠው። ስሌቱ 20,000 በ15 ተባዝቶ 300,000 ብር ይሆናል። በቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመቱ አማካይ 16,000 ብር ቢሆን ኖሮ 160,000 ብር ብቻ ባገኘ ነበር። ለቤቱ፣ ለዛፉና ለእርከኑ የሚከፈለው ከዚህ ተለይቶ ይቆጠራል። አዋጁ በተጨማሪ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ እንዲኖር አድርጓል፤ ዕድርና ጎረቤት ዋጋ እንዳላቸው ሕግ ማወቁ መልካም ነው እንላለን። ለግንባታ ጊዜ ብቻ የተወሰደ መሬትም፣ ለምሳሌ ትልቁ ክሬን የሚቆምበት ቦታ፣ እስኪመለስ ድረስ ላለው ጊዜ ካሳ አለው።

ሆኖም ስሌቱ የተመሠረተው መሬቱ እስከ ትናንት በሰጠው ጤፍና ማሽላ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። መሬቱ ከነገ ጀምሮ በነፋስ የሚሰጠው ገቢ በስሌቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የነፋስ ማማ 20 እና 25 ዓመት ያገለግላል፤ የ15 ዓመት ገቢ ተቆጥሮለት የወጣው ገበሬ ግን ልጆቹ የሚያርሱት መሬት የለውም። ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ ተቀብሎ በኑሮ ውድነት ዘመን ይዞ ማቆየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መተረክ አያስፈልገንም።

ነፋስና ፀሐይ መሬት የሚጠይቁት እኩል አይደለም

ከነፋስ ኃይል ማመንጫዎቻችን በመቀሌ አጠገብ የሚገኘው አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይኖች ነበሩት፤ ኃይሉም 120 ሜጋዋት ነው። አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ በሶማሌ ክልል አይሻ፣ በአርሲም በኢተያ አካባቢ የአሰላው ተከትለዋል። በአዳማ አውራ ጎዳና ያለፈ ሰው እንደሚያየው፣ ማማው የሚይዘው መሠረቱን፣ ክሬን የሚቆምበትንና መንገዱን ነው፤ በመካከሉ እርሻው ይቀጥላል። ጉዳቱ ከስፋቱ ይልቅ በአቆራረጡ ነው። መንገዱ አንዲቱን ጥማድ ለሁለት ሲከፍላት፣ እርከኑን ሲያፈርስ፣ የጎርፉን መውረጃ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲያዞር በካሳው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመንገዱ ስፋት ብቻ ነው። ገማቾቹ ማሳው ላይ በቆሙበት ሰዓት ይህን አሳይቶ ማስመዝገብ የባለይዞታው ፈንታ ነው።

የፀሐይ ሰሌዳ ግን መሬቱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። በግምት ለ1 ሜጋዋት 2 ሄክታር ያህል ይፈልጋል። 100 ሜጋዋት ለሚያመነጭ ጣቢያ 200 ሄክታር ማለት ነው፤ ግማሽ ሄክታር ይዞታ ያላቸው ገበሬዎች ቢሆኑ 400 አባወራ ይነሣል። ስለዚህ እኛ የምናስበው፣ ሰሌዳ በጠፍና በድንጋያማ ቦታ፣ በሕዝብ ሕንፃ ጣሪያም ላይ እንጂ በሐይቅ ዳር ለም መሬት ላይ ሊዘረጋ አይገባም።

ነፋስ የሚፈልገው ደግሞ ጫፉን ነው። በአምባሰል ጫፉ የማን ነው? አብዛኛው ሸንተረር የጋራ ግጦሽ ወይም ከንክኪ የተከለለ ተራራ ነው። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም የወጣ ሰው ነፋሱንም፣ በየጫፉ የሚሰማራውንም ከብት አይቶታል። የጋራ መሬት በማንም ገበሬ ደብተር ላይ ስለማይገኝ ሲወሰድ የሚጮህለት ሰው ያጣል፤ ሣሩ ሲጠፋ በመጀመሪያ የምትጎዳው ግን የራሷ ማሳ የሌላት፣ በሁለት ፍየል የምትኖር መበለት ናት። በ1161 አዋጅ ለጋራ ይዞታም ካሳ ይገባል፤ ገንዘቡም የሚደርሰው ለተጠቃሚው ኅብረተሰብ አባላት ነው። ተጠቃሚው እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ በስም ዝርዝር ያልያዘ ቀበሌ ካሳው በመጣ ቀን ጠብ ይገጥመዋል።

ብዙ ያልተነበበው አንቀጽ

የ1161 አዋጅ ስለ መልሶ ማቋቋም በሚናገርበት ክፍል፣ ለኢንቨስትመንት ከተለየ ስፍራ የሚነሡ ነዋሪዎች ከዚያው ኢንቨስትመንት የአክሲዮን ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። ቃሉ «ይችላሉ» እንጂ «ይገባቸዋል» አይደለም፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ነገር አይደለም ማለት ነው። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል። በዴንማርክ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ ሕግ፣ የነፋስ ማመንጫ የሚተክል ሁሉ ቢያንስ ከመቶ 20 እጁን ድርሻ በ4.5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች በዋጋው እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በሌላ የጥቅም ማጋሪያ ሥርዓት ተተክቷል። የአሰላው ማመንጫ የተሠራው በዚሁ በዴንማርክ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ መሆኑን ስናስብ፣ ከማማው ጋር ልማዱም ቢመጣ ኖሮ ያሰኛል።

ነገሩን ግን ከልኩ አናሳልፈው። አሸጎዳና አዳማ የመንግሥት ናቸው፤ የሚሸጥ አክሲዮን የላቸውም። ድርሻ የሚታሰበው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 በ2010 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የግል ኩባንያ በሚገባበት ሥራ ነው። አክሲዮንም ትርፍ ብቻ ሳይሆን ኪሳራ አለው፤ ድሃ ሰው ካሳውን በሙሉ አክሲዮን ግዛበት ቢባል ምክሩ ክፉ ነው። በመንግሥት ማመንጫ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ከሁሉ በፊት ማማው የቆመበት ቀበሌ ራሱ መብራት እንዲያገኝ። ከፍተኛው መስመር በደጃቸው እያለፈ በኩራዝ የሚያመሹ መንደሮች በአገራችን ብዙ ናቸውና።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት በዋናነት ወደ ክልል መስተዳድሮች ተዛውሯል። ፕሮጀክቶች በካሳ ጥያቄ እንዳይጓተቱ ነው ተብሏል። እኛ ግን አንድ ሥጋት አለን፤ መሬቱን የሚጠቀመው አንዱ፣ ከፋዩ ሌላው ሲሆን፣ ተጠቃሚው ማሳ ለመቆጠብ የሚያስገድደው ምክንያት ይቀንሳል። ስለዚህም ጉዳይ የገጠመው ሰው የሕጉን የተሻሻለ ቅጂ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ያንብብ፤ ማንበብ ለማይችለው ልጁ ያንብብለት።

ያልተመከረበት ሥራ ምን እንደሚያስከትል ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማር። በኪናንጎፕ 60 ሜጋዋት ያህል ሊያመነጭ የታሰበ የነፋስ ጣቢያ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ መሬታቸው ተቃውመው፣ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ጨርሶ ቀርቷል። በቱርካና ሐይቅ አካባቢ 365 ተርባይኖች ከተተከሉ በኋላ ደግሞ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የመሬቱ ሰነድ የተገኘው ሕጉ የሚጠይቀው ሥርዓት ሳይጠበቅ ነው ሲል ፈርዷል። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመከር መብት እንዳለው ይናገራል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ጥናቱ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። ስብሰባ ተጠርቶ ፈርሙ ሲባል፣ ጥናቱ የት አለ ብሎ መጠየቅ እንቢተኝነት አይደለም።

ደብተሩ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሰጠው የይዞታ ደብተር፣ ሕዝቡ አረንጓዴ ደብተር የሚለው፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ነው። ካሳ የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ለተጻፈ ነው። አባት ሞቶ በስሙ የቀረ መሬት፣ ወንድም በእህቱ ስም የሚያርሰው፣ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ድርሻ፣ በእኩል የሚታረስ የአሮጊት ማሳ፣ እነዚህ ሁሉ በሰላሙ ጊዜ በመተማመን የሚያድሩ ነገሮች ናቸው፤ ገማቹ ሲመጣ ግን ወንድማማቾችን ያጣላሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ ባለፈ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የሸሸው ሰው ብዙ ነው፤ ደብተሩ የጠፋበት ሰው በወረዳው መዝገብ ያለውን ማረጋገጫ አሁን ያውጣ። በግምቱ ቅር የተሰኘም ባለይዞታ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ እንዲያቀርብ የ1161 አዋጅ ጊዜ ወስኗል፤ በቃል ለሊቀ መንበሩ መናገር ቅሬታ ማቅረብ አይደለም።

ገበሬው ራሱ የገዛው ፀሐይ ግን ሌላ ሥርዓት ይጠይቃል። በሰሜን ሸዋ ረማ የተባለችው መንደር በየቤቱ ጣሪያ በተተከለ ሶላር መብራት ካገኘች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በቤት መብራት ማንም አይጎዳም። የሶላር ፓምፕ ግን ናፍጣ ስለማይጠይቅ ፀሐይ እስካለች የሚያቆመው የለም። የሐይቅ ውኃ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስበት መውጫ የሌለው፣ በአንቀርቃ ወንዝና በዝናብ የሚኖር ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ውስጥ ደርቆ መሬቱ የታየበት አንዱ ምክንያት ከመጠን ያለፈ የፓምፕ ጠለፋ ነበር፤ ውኃው ዳግመኛ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ገበሬዎች ራሳቸው ማኅበር መሥርተው፣ ተራ ወስነው፣ የጣሰውን እንዲቀጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደንብ ሳይጠብቁ የሐይቅ ዳር አልሚዎች በገዛ እጃቸው ሊይዙት የሚችሉት ሕግ ይህ ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችሁ የፍትሕና የሰላም ቡድን ይህን ጽሑፍ ስታነብቡ እያንዳንዳችሁ የቤታችሁን ደብተር ይዛችሁ ኑ። በላዩ የማን ስም አለ? የሌለውስ የማን ነው? የቀበሌያችሁ የጋራ ግጦሽ ወሰኑ ተመዝግቧል? ነገ አንድ ኩባንያ ሸንተረሩን ቢጠይቅ፣ ከካሳው ሌላ ምን እንዲሰጣችሁ ትጠይቃላችሁ? ጥያቄውንስ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁበታል?